ከአምባው ሥር ያለው ውሃ፦ አንዱ ጉድጓድ ሞልቶ ሌላው ለምን ደረቅ ይሆናል?

ሁለት ጎረቤታሞች ጉድጓድ ያስቆፍራሉ እንበል። መሬታቸው አንድ ሜዳ ላይ ነው። ከፍ ያለ፣ ደልዳላ፣ ጫፉ ላይ ሲደረስ ወደ ሸለቆ የሚወርድ አምባ። አንደኛው 12 ሜትር ላይ ውሃ አገኘ። ሌላኛው ስልሳ እርምጃ ርቆ 25 ሜትር ወረደ። የወጣለት ጭቃ ብቻ ነው።

ሰው እንዲህ ሲያይ "ዕድል ነው" ይላል። ይህች ቃል ብዙ ገንዘብ ታስበላለች። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሎተሪ አይደለም። የሚቀመጥበት፣ የሚሄድበትና የሚወጣበት ምክንያት አለው። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። አምባ ላይ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱም አምባ ዙሪያውን ተቆርጦ ብቻውን የቆመ መሬት ነው። ውሃ የሚገባበትም የሚወጣበትም መንገድ ጥቂት ነው። ሆዱን ከጎኑ ማየት ይቻላል።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ሁሉ ውሃ የሚያሳልፈውን ንብርብር ይፈልጋል። ልክ ነው። ግን ውሃውን እዚያ ላይ ያቆመው ከሥሩ ያለው፣ ውሃ አላሳልፍም ያለው ንብርብር ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ዝናቡ ሁሉ ወርዶ ወርዶ ሸለቆው ግርጌ ይደርስ ነበር። አምባው ከላይ እስከ ታች ደረቅ በሆነ ነበር።

ስፖንጅ እንጂ ጋን አይደለም

የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት በጨለማ ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ነው። ወይም ዋሻ ውስጥ የተኛ ሐይቅ። እንዲህ ያለው ነገር በኖራ ድንጋይ አካባቢ አለ። በአብዛኛው ቦታ ግን ውሃው ያለው በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል፣ በጠጠር ክፍተት፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጋን ሳይሆን ስፖንጅ ብላችሁ አስቡት።

ይህን በእጃችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ወገባቸው ላይ ቁረጡና ግርጌያቸውን በምስማር ብሱ። አንዱን ታጥቦ በጸዳ ጠጠር ሙሉት። ሌላውን በተጠቀጠቀ እርጥብ ሸክላ አፈር። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ። ጠጠሩ ውስጥ ያለው ብርጭቆውን አስቀምጣችሁ ቀና ከማለታችሁ በፊት ከታች ይወርዳል። ሸክላው ላይ ያለው ግን እንደ መስታወት ተንጣሎ ይቀራል። በማግስቱም ብትመለሱ አብዛኛው እዚያው ነው።

ከዚህ ተነስቶ "ሸክላው ቀዳዳ የለውም" ማለት ቀላል ነው። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ከጠጠር የበለጠ ባዶ ቦታ አለው። ከይዘቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ገደማው ክፍተት ነው። የጠጠር ግን ከ25 እስከ 40 በመቶ ነው። ልዩነቱ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፋት ላይ ነው። የሸክላው ቀዳዳዎች እጅግ ደቃቃ ስለሆኑ ውሃው ቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ሜትር ኩብ ሸክላ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 500 ሊትር ገደማ፣ ውሃ ሊሆን ይችላል። ራሱ እንዲያንጠባጥብ ብትተዉት ግን የሚሰጣችሁ ጥቂት አሥር ሊትሮችን ነው። ጥሩ ጠጠር ከያዘው ላይ 200 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቃል።

ስለዚህ ቆፋሪው "እርጥብ ነው፣ ውሃው ደርሷል" ሲል ቶሎ አትደሰቱ። እርጥብ ሸክላ ውሃ አለው። አይሰጥም እንጂ።

ውሃ ድንጋይ ውስጥ የሚሄድበትን ሕግ በቁጥር ያስቀመጠው ኦንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ለዲዦን ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሠራ በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ለካ። ውጤቱን በ1856 አሳተመ። ሕጉ ቀላል ነው። የሚያልፈው ውሃ መጠን በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ ከላይና ከታች ያለው የከፍታ ልዩነት ምን ያህል ቁልቁል ነው የሚለው ነው። ሌላው ቁሱ ራሱ ውሃ ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ላይ ያለው ልዩነት ማመን ያቅታል። ንጹህ ጠጠር ከሸክላ ጋር ሲነጻጸር ውሃን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያሳልፋል። ሁለት አፈሮች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተኙ፣ ሚሊዮን ጊዜ ይለያያሉ። የአምባው ውሃ ታሪክ በሙሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

አምባው ከየት መጣ?

ብዙ ደልዳላ ከፍታዎች ድሮ የወንዝ ወለል ነበሩ። ይህን ለማመን አምባው ጫፍ ላይ ሄዶ መሬቱ የተቆረጠበትን ማየት ይበቃል። ከላይ አንድ ሁለት ሜትር አፈር። ከሥሩ ድቡልቡል፣ ለስላሳ፣ እንደ እንቁላል የተሞረደ ድንጋይ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ድንጋይ እንዲህ የሚለሰልሰው ውሃ ሲያንከባልለው ነው። አሁን ወንዙ ያለው ሃምሳ ሜትር ታች ሸለቆው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ግን የሚፈሰው እዚህ ነበር።

ከዚያ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ወይም ወንዙ የሚገባበት ባሕር ዝቅ አለ። ወይም የአየር ጠባዩ ተለውጦ ወንዙ ብዙ ውሃና ትንሽ ደለል ይዞ መጣ። ያኔ ወንዙ የራሱን ወለል ይቆርጥና ወደታች ይገባል። የድሮው ሜዳ ከላይ ይቀራል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ሸለቆው ደረጃ ደረጃ ይሆናል፣ የወንዝ እርከን የሚባለው ነው። ታዲያ እዚህ ላይ ከፍ ያለው ሁሌም ያረጀው ነው። ቤት ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ የወንዝ እርከን ከላይ ወደ ታች።

ዕድሜው ለውሃ ጉዳይ አለው። አዲሱ እርከን ላይ ጠጠሩ ንጹህ ነው፣ ውሃ እንደልቡ ያልፋል። መቶ ሺዎች ዓመታት የቆየው የላይኛው እርከን ላይ ግን አንዳንዱ ድንጋይ በቦታው በስብሷል። በመዶሻ ሳይሆን በጣት ይፈረካከሳል። የበሰበሰው ወደ ሸክላ ተለውጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ብረቱ ዝጎ ጠጠሩን ያጣብቃል። ደረቅ አየር ባለበት ደግሞ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት እርከኖች የሚሰጡት ውሃ በጣም ሊለያይ ይችላል።

የጠጠሩ ወለልስ? ወንዙ ጠጠሩን ያነጠፈው ከእሱ በፊት በነበረ አለት ላይ ነው። ያ አለት ሸክላ ወይም ጠጣር ጭቃ ድንጋይ ከሆነ ውሃው እዚያ ይቆማል። አሸዋማና ስንጥቅጥቅ ከሆነ ወደታች ይሰርጋል። ገና ከመቆፈራችሁ በፊት ግማሹ መልስ እዚህ ነው ያለው።

ጫፉ ላይ የሚታየው አረንጓዴ መስመር

በበጋ፣ ዝናቡ ከቆመ ከወራት በኋላ፣ የአምባውን ጠርዝ ከታች ሆናችሁ ተመልከቱ። ቁልቁለቱ በሙሉ ቢጫ ነው። ሣሩ ደርቋል። ነገር ግን ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ልክ በገመድ እንደተለካ፣ አረንጓዴ መስመር ይታያል። ቀረብ ስትሉ ሣሩ ረዘም ይላል። ከእግራችሁ ሥር ጭቃው ይጨቀያል። ድንጋዩ ላይ ዝገት የሚመስል ብርቱካንማ ልባስ አለ። እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ የሚል ውሃ። አንዱ ቦታ ላይ ጠብታው ተሰባስቦ ምንጭ ሆኗል። ሰውም ከብትም ረግጦት ጉድጓድ ጉድጓድ ብሏል።

ያ መስመር ጠጠሩ ከሥሩ ካለው ሸክላ ጋር የሚገናኝበት ነው። ዝናቡ አምባው ላይ ወርዶ፣ አፈሩን አልፎ፣ ጠጠሩን አቋርጦ፣ ሸክላው ላይ ሲደርስ ይቆማል። መውረድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን ሄዶ ሄዶ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ያ መስመር የት እንዳለ ካወቃችሁ ከአናቱ እስከ እሱ ያለውን ቁመት መለካት ትችላላችሁ። የጠጠሩ ውፍረት ማለት ነው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእግር ጉዞ ብቻ የሚገኝ ትልቅ መረጃ ነው። ይህን ሳያዩ መቆፈር መጀመር በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥንቃቄ። ያ መስመር ለቤት አይሆንም። ውሃ የጠገበ ጠጠር እርጥብ ሸክላ ላይ ሲቀመጥ ይንሸራተታል። የአምባ ጠርዝ የሚናደው ብዙውን ጊዜ በዚሁ መስመር ነው። ሣሩ ላይ ያጎነበሱ ዛፎችና የተሰነጠቀ መሬት ካያችሁ ራቅ በሉ።

አምባው ውስጥ ያለው የውሃ ወለል ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። መሃል ላይ ከፍ ይላል። ወደ ጠርዙ ሲቀርብ ወደ ምንጮቹ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ውሃው ቀጭን ነው። መሃል ላይ ያለው የተሻለ ነው። ለእይታ ሲባል አፋፉ ላይ ቤት የሠራ ሰው ጉድጓዱንም እዚያው ሲያስቆፍር ይታያል። ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነበረበት።

ታዲያ የሁለቱ ጎረቤታሞች ነገር

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱም አምባው መሃል ላይ ናቸው። ላዩ ደልዳላ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ላዩ ደልዳላ ስለሆነ ታቹም ደልዳላ ነው ብለን ስለምናስብ ነው የሚገርመን። ጠጠሩ የተነጠፈበት የድሮ ወለል ግን ጎርበጥባጣ ነው። ወንዙ ያኔ እዚህ ጋ በጥልቀት ቆፍሯል፣ እዚያ ጋ ጉብታ ትቷል። በኋላ ጠጠርና ደለል ሁሉንም ሞልቶ ላዩን አስተካከለው። ያ የተቀበረ የወንዝ መስመር ዛሬ ከላይ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል። ውሃው ግን ያውቀዋል። ሸክላው ላይ የደረሰ ውሃ ሁሉ ወደ ጎድጓዳው ይሰበሰባል። ያ የተቀበረ ሸለቆ ከጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከምንጭ ምንጭ ያገናኛል።

የመጀመሪያው ጎረቤት የቆፈረው የተቀበረው ሸለቆ ላይ ነው። እዚያ ጠጠሩ 14 ሜትር ሊወፍር ይችላል። የታችኛው ሁለት ሜትር ውሃ ነው። ሁለተኛው ያረፈው የተቀበረ ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ሸክላው 8 ሜትር ላይ ነው ያለው። ከውሃው ወለል በላይ ብቅ ያለ ደሴት በሉት። ከ8 ሜትር በኋላ እስከ 25 ሜትር የወረደው በሸክላ ውስጥ ነው። መቶ ሜትርም ቢወርድ ያው ሸክላ ሊሆን ይችላል። ጥልቀት አላዳነውም። ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ቢሄድ ይሻለው ነበር።

ምንጮቹም የዚህ ምስክር ናቸው። ጠርዙ ላይ ጠብታው በየቦታው ሲሆን ትልቁ ምንጭ ግን አንድ ቦታ ላይ የሚወጣው የተቀበረው ሸለቆ አፉን የሚከፍተው እዚያ ስለሆነ ነው። ከትልቁ ምንጭ ተነስታችሁ ወደ አምባው ውስጥ አቅጣጫውን ብትገምቱ ጥሩ ጅምር ነው። በመሣሪያ ማረጋገጥም ይቻላል። ወደ መሬት ኤሌክትሪክ ልከው መሬቱ ምን ያህል እንደሚቃወመው የሚለኩ ባለሙያዎች አሉ። ሸክላ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፣ ደረቅ ጠጠር ደግሞ ይከለክላል። በዚህ ልዩነት የሸክላው ጣሪያ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል ይሣላል።

የተንጠለጠለ ውሃ

አንዳንዴ ከዋናው ውሃ በላይ ሌላ ትንሽ ውሃ ይገኛል። ጠጠሩ መሃል ላይ እንደ ሳህን የተኛ የሸክላ ንጣፍ አለ እንበል። ስፋቱ የአንድ ኳስ ሜዳ ያህል። ዝናቡ ሲወርድ እላዩ ላይ ይቆማል። የተንጠለጠለ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ከሥሩ ያለው ጠጠር ደረቅ ነው። ዋናው ውሃ ገና ብዙ ሜትር ይቀራል።

ይህ ውሃ ያታልላል። ክረምት ላይ 4 ሜትር ላይ ውሃ ወጣ ተብሎ ደስ ይላል። በጋ ላይ ሳህኑ ደርቋል። ሌላም አደጋ አለው። ውሃው ጥቂት ሲሆንበት ቆፋሪው "ትንሽ እንጨምር" ብሎ ሳህኑን ይበሳዋል። ያለውም ውሃ በቀዳዳው ወርዶ ደረቁ ጠጠር ውስጥ ይጠፋል። ጉድጓዱ ጥልቀት ከመጨመሩ በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ማን በበጋ፣ ማን በክረምት እንደቆፈረ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጉድጓድ እውነተኛ ፈተና የደረቁ ወቅት ማብቂያ ነው።

አለቱ ሲለወጥ ታሪኩም ይለወጣል

አምባ ሁሉ የወንዝ ጠጠር አይደለም። ብዙዎቹ ታላላቅ አምባዎች ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ናቸው። ባዛልት እንደ እንጀራ ድርብርብ ነው ብለን እናስባለን፣ ልክም ነው። ግን እያንዳንዱ ንብርብር ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። አናቱ ቀዝቅዞ ሲረጋ ጋዝ ያበሳሳው፣ የተሰባበረ ነው። መሃሉ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ፣ ጠጣር ነው። ሲኮማተር እንደ ምሰሶ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀጣዩ ፍሳሽ እስኪመጣ ብዙ ሺህ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በዚህ መካከል አፈር ይፈጠራል፣ ዛፍ ይበቅላል፣ ወንዝ ይፈስሳል። አዲሱ ላቫ ሲመጣ ያንን አፈር ጠብሶ ይሸፍነዋል። ገደል ላይ በጥቁር ድንጋይ መካከል የምታዩት ቀይ ቀጭን መስመር ያ የተጠበሰ አፈር ነው።

ውሃው የሚሄደው በተበሳሳው አናት በኩል ነው። ያቺ ቀይ መስመር ሸክላማ ከሆነች ውሃውን ታቆመዋለች። ለዚህ ነው ባዛልት አምባ ላይ አንድ ገደል ሁለት ሦስት የምንጭ መስመር፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ሊኖረው የሚችለው። እዚህ ላይ ጥልቀት ትርጉም አለው። ጠጣሩን መሃል አልፎ ቀጣዩን የተበሳሳ አናት ማግኘት ይቻላልና። ከጠጠሩ አምባ ጋር ያለው ትልቅ ልዩነት ይህ ነው።

ላቫው የወጣበት ስንጥቅ ራሱ ደግሞ በኋላ ረግቶ ቁልቁል የቆመ የድንጋይ ግድግዳ ይሆናል። ይህ ግድግዳ ውሃን ይገድባል። በሃዋይ ደሴቶች ተራሮች ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ግድግዳዎች መካከል የታጨቀ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ በመቶዎች ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከግድግዳው ወዲህ ውሃ፣ ወዲያ ደረቅ። እንደገና የሁለቱ ጎረቤታሞች ታሪክ ነው፣ መልኩን ቀይሮ።

ግራናይት ላይ ያልተነካው አለት ክፍተቱ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ውሃው ያለው ከላይ በበሰበሰው ክፍልና ከሥሩ ባሉ ስንጥቆች ነው። እየጠለቁ ሲሄዱ ስንጥቁ ይጠብባል፣ ስለዚህ ጥልቅ መቆፈር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። የኖራ ድንጋይ አምባ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ውሃው ድንጋዩን እያሟሟ መንገድ ይሠራል። ላዩ ደረቅ፣ ጅረት የሌለው፣ ግርጌው ላይ ግን ወንዝ የሚያህል ምንጭ ይፈልቅበታል።

ከሰማይ ብቻ የሚሞላ ማጠራቀሚያ

አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስና ኒው ሜክሲኮ ላይ፣ ያኖ ኤስታካዶ የሚባል ግዙፍ ደልዳላ አምባ አለ። ሰማይና ምድር የተጋጠሙበት የሚመስል ሜዳ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከሮኪ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ጠጠርና አሸዋ አምጥተው አነጠፉት። ከሥሩ ቀይ ሸክላማ አለት አለ። ጠጠሩና አሸዋው ኦጋላላ የሚባለው ውሃ አዘል ንብርብር አካል ነው። ኦጋላላ በአጠቃላይ ስምንት ግዛቶችን ይነካል፣ ስፋቱም 450,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በኋላ የፔኮስ ወንዝ በምዕራብ፣ የካናዲያን ወንዝ በሰሜን መሬቱን ቆረጡት። አምባው ያሳደጉትን ተራሮች ተሰናበተ። ይህ አንድ ነገር ሁሉን ይወስናል። ከተራሮቹ ጠብታ ውሃ በምድር ውስጥ አይመጣለትም። የሚያገኘው እላዩ ላይ የሚዘንበውን ብቻ ነው። አካባቢው ደረቅ ስለሆነ ከዝናቡም አብዛኛው ይተናል። ወደታች የሚሰርገው ጥቂት ነው፤ እሱም በአመዛኙ ዝናብ ሲመጣ ከሚሞሉ ሺዎች ጥልቀት የሌላቸው የሜዳ ኩሬዎች ሥር ነው።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፓምፑ በረታ። ለመስኖ ተሳበ። በአንዳንድ ቦታዎች የውሃው ወለል ከ30 ሜትር በላይ ወረደ። በምሥራቁ ጠርዝ ይፈልቁ ከነበሩ ምንጮች ብዙዎቹ ደረቁ። ይህ የማንም ክፋት አልነበረም። ውሃው ከሩቅ በምድር ውስጥ እየመጣ ያለ፣ የማያልቅ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ሸለቆዎቹ አምባውን ከተራሮቹ እንደቆረጡት ማየት ይህን ግምት ያርመው ነበር።

ትንሽ አምባ ላይም ነገሩ ያው ነው፣ በትንሹ። ጠጠሩ ውስጥ ያለው ውሃ 4 ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ሁላችንም ስበን 2 ሜትር ብናወርደው ግማሹ ውሃ ሄዷል። ግን ጉዳቱ በዚህ አይቆምም። ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚመጣበት በርም በግማሽ ጠቧል። ስለዚህ ቀሪውን ግማሽ ለማውጣት ከመጀመሪያው ይበልጥ ከባድ ነው። ፓምፑ ቶሎ ቶሎ አየር ይስባል። የምንጩ መድረቅ የመጀመሪያው ደወል ነው። ምንጩ የሞላው ማጠራቀሚያ ትርፍ የሚፈስበት አፍ ነውና።

ጠጠር ሲያሳልፍ ሁሉን ያሳልፋል

በ1854 ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ በሚባለው ሰፈር፣ ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየተከታተለ አንድ የሕዝብ ፓምፕ ላይ ደረሰ። ብሮድ ስትሪት ላይ ያለው። እጀታው ተነቀለ። በወረርሽኙ በጠቅላላው ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከሥሩ ያለው መሬት ግን ብዙ አይነሳም። የለንደን መሃል የቆመው ቴምዝ ወንዝ በተወው የጠጠር እርከን ላይ ነው። ከጠጠሩ ሥር ወፍራም ሸክላ አለ። ሸክላው ውሃውን አቆመ፣ ጠጠሩ ያዘው፣ ሰውም በቀላሉ ቆፍሮ ጠጣ። የድሮዋ ከተማ እዚያ የሰፋችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ያው ጠጠር የቆሻሻውንም ጉድጓድ ያዘ። ኋላ ሲመረመር ከፓምፑ ጉድጓድ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት የሚያፈስ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተገኘ።

ውሃ እንደልቡ የሚያልፍበት መሬት ፍሳሽም እንደልቡ ያልፍበታል። ሽንት ቤት ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚል ምክር በብዙ መመሪያ ላይ አለ። ጠጠር ወይም የተሰነጠቀ አለት ላይ ከዚህም በላይ መራቅ ይሻላል። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። አምባ ላይ ላዩ ደልዳላ ስለሆነ ቁልቁለቱ የት እንደሆነ ዓይን አያይም። ከታች ያለው ውሃ ግን ወደ ምንጮቹ እየሄደ ነው። ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ ይልቅ ከምንጩ የራቀ፣ ወደ አምባው መሃል የገባ መሆን አለበት።

ከመቆፈር በፊት

መጀመሪያ ጠርዙን ዙሩ፣ በበጋ። አረንጓዴውን መስመር፣ ትልቁን ምንጭ፣ የጠጠሩን ውፍረት እዩ። ቀጥሎ ያሉትን ጉድጓዶች ሁሉ ጠይቁ፣ በተለይ የደረቁትን። ደረቅ ጉድጓድ ያለው ሰው ማውራት አይወድም፤ እሱ የሚያውቀው ግን ወርቅ ነው፤ የተቀበረው ጉብታ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ውሃ ባለበት ጉድጓድ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ጥሉና ከአፉ እስከ ውሃው ለኩ። ሦስት ጉድጓድ ከለካችሁ፣ የመሬቱንም ከፍታ ካወቃችሁ፣ ውሃው ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ወረቀት ላይ መሣል ይቻላል።

ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ አንድ ሰው ከጎን ይቁም። በየሜትሩ የሚወጣውን አፈር አንድ እፍኝ እየወሰደ ፌስታል ውስጥ ይክተት። ላዩ ላይ ጥልቀቱን ይጻፍበት። ሸክላው ስንት ሜትር ላይ እንደተነካ፣ ውሃው መጀመሪያ የታየው የት እንደሆነ፣ ቀኑም ይመዝገብ። ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን እንኳ ያንን ወረቀት አትጣሉት። ቀጥሎ እዚያ አምባ ላይ የሚቆፍረው ሰው የሚጀምረው ከእሱ ነው።